ማሰሪያው የት ይታሰራል? የግስ ቦታና የትንቢት ጊዜ በሆላንድኛ፣ ከአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ አንጻር

በነባሩ የአማርኛ ሰዋስው ትምህርት ዓረፍተ ነገርን የሚቋጨው ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይባላል። ስያሜው ሥራውን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ይናገራል፤ ባለቤቱ፣ ተሳቢው፣ ጊዜውና ስፍራው ተዘርዝረው ካበቁ በኋላ ንግግሩን የሚያስረው የመጨረሻው ቃል ግሱ ነውና። ሆላንድኛ መማር የጀመረ አማርኛ ተናጋሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገጥመው ትምህርት ይህን ልማድ ከሥሩ የሚነቅል ይመስላል። አብዛኞቹ የመማሪያ መጻሕፍት «ባለቤት፣ ግስ፣ ከዚያም ሌላው» በሚለው ቅደም ተከተል ይጀምራሉ። ጥቂት ቆይተው ባለቤቱ ከግሱ በኋላ የሚመጣበትን ሁኔታ «ኢንቨርሲ» ማለትም ግልበጣ ብለው ያስተዋውቃሉ። ብዙ ምዕራፍ ካለፈ በኋላ ደግሞ በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ግሱ ወደ መጨረሻ «ይሄዳል» ይላሉ። ተማሪው አንድ ሕግና ሁለት ማፍረሻዎቹን ተሸክሞ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ሐሳብ ለአማርኛ ተናጋሪ የትምህርቱ ቅደም ተከተል መገልበጥ እንዳለበት ነው። ሆላንድኛ በመሠረቱ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ ነው፤ ማብራሪያ የሚያሻው ግሱ በዋና ሐረግ ውስጥ ወደ ሁለተኛው ቦታ መውጣቱ ነው። አማርኛም ዋናውን ሐረግ ከጥገኛው የሚለይበት የራሱ ምልክት ስላለው፣ ተማሪው ያንን ምልክት ይዞ የሆላንድኛን የግስ ቦታ ሊገምት ይችላል። የትንቢት ጊዜ ጉዳይም ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ በዚህ በኩል ተማሪውን የሚያስተው በአብዛኛው የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሳይሆን በመካከል የገባው እንግሊዝኛ ነው ለማለት የሚያበቃ ምክንያት አለ።

ነገሩ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ክብደት አለው። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአዲስ መጤዎች የውህደት ሕግ የሚጠበቀውን የቋንቋ ደረጃ በአውሮፓ የጋራ መለኪያ ከኤ2 ወደ ቢ1 ከፍ አድርጎታል። መለኪያው ለቢ1 ከሚያስቀምጣቸው ችሎታዎች መካከል ዕቅድን መግለጽና ለአስተያየት አጠር ያለ ምክንያት ማቅረብ ይገኙበታል። ዕቅድ ማለት የትንቢት ጊዜ ነው፤ ምክንያት ማለት ጥገኛ ሐረግ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚነሡት ሁለት ርእሶች የቢ1ን ደረጃ ለማለፍ የግድ ከሚያስፈልጉት ውስጥ ናቸው።

በሚከተሉት ገጾች የሆላንድኛ ምሳሌዎች እንደ አነባበባቸው በፊደል ተጽፈዋል፤ «ኸ» በጉሮሮ የሚወጣውን የቋንቋውን ድምፅ ይወክላል።

ግሱ ከየት ተነሣ?

ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። «ኢክ ኮፕ ሞርኸን ብሮት» ቃል በቃል «እኔ እገዛለሁ ነገ ዳቦ» ማለት ነው። ጊዜው ወደ ፊት ሲመጣ «ሞርኸን ኮፕ ኢክ ብሮት» ይሆናል፤ «ነገ እገዛለሁ እኔ ዳቦ» እንደ ማለት ነው። ምክንያት ሲሆን ግን «ኦምዳት ኢክ ሞርኸን ብሮት ኮፕ» ይባላል። ይህ ሦስተኛው ከአማርኛው «እኔ ነገ ዳቦ ስለምገዛ» ጋር በቃላት አሰላለፍ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አማርኛ «ስለ»ን በግሱ ላይ ሲለጥፍ ሆላንድኛ «ኦምዳት»ን በሐረጉ ራስ ላይ ማኖሩ ነው።

ከሦስቱ መሠረቱ የቱ ነው? ያን ኮስተር እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ጥናት ሆላንድኛ ባለቤት፣ ተሳቢና ግስ በሚል ቅደም ተከተል የተገነባ ቋንቋ መሆኑን ተከራክሯል። ለተማሪ በቀላሉ ሊታይ የሚችለው ማስረጃ ተነጣይ ግሶች የሚሰጡት ነው። «ኦፕቤለን» ስልክ መደወል ማለት ነው፤ «ኦፕ» ቅጥያው፣ «ቤለን» ግሱ ነው። በጥገኛ ሐረግ «ዳት ኢክ የ ሞርኸን ኦፕቤል» ሲባል ሁለቱ በመጨረሻው ቦታ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። በዋና ሐረግ ግን «ኢክ ቤል የ ሞርኸን ኦፕ» ይባላል፤ «ነገ እደውልልሃለሁ» ማለት ነው። ግሱ ወደ ፊት ወጥቶ ሄዷል፤ ቅጥያው ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ የተለቀቀውንም ቤት ለባለቤቱ እንደሚጠብቅ ሰው መጨረሻው ላይ ቆሟል። የግሱ ትክክለኛ መኖሪያ ሁለተኛው ቦታ ቢሆን ኖሮ ቅጥያው ያን ያህል ርቆ የሚገኝበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ሃንስ ደን ቤስተን እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመው ሥራው ደግሞ ግሱ የሚወጣበትን ቦታ ያመለክታል። ግሱ የሚሄደው እንደ «ዳት» እና «ኦምዳት» ያሉ አገናኝ ቃላት ወደሚቀመጡበት ቦታ ነው። አገናኙ ካለ ቦታው ተይዟልና ግሱ ባለበት ይቀራል፤ አገናኙ ከሌለ ግሱ ይወጣል። ይህ አንድ ማብራሪያ መማሪያ መጻሕፍቱ በሦስት ምዕራፍ የሚከፋፍሉትን ነገር ያጠቃልላል። «ግልበጣ» የሚባል የተለየ ሕግ አያስፈልግም፤ ከግሱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይቀመጣል፣ ያ ነገር ባለቤቱ ካልሆነ ባለቤቱ ከግሱ በኋላ ይውላል፣ በቃ።

እዚህ ላይ «ሁለተኛ ቦታ» ሲባል ሁለተኛ ቃል ማለት አለመሆኑ ሊሠመርበት ይገባል። «ደ ፍራው ዲ ናስት ሜይ ዎንት ኮፕት ሞርኸን ብሮት» ማለት «ከጎኔ የምትኖረው ሴት ነገ ዳቦ ትገዛለች» ነው። «ኮፕት» የሚለው ግስ ሰባተኛ ቃል ሆኖ ሳለ ሁለተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ከፊቱ ያሉት ስድስቱ ቃላት አንድ ላይ ባለቤቱን ይመሠርታሉና። በውስጣቸውም «ዎንት» የሚለው የጥገኛው ሐረግ ግስ በራሱ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ግሶች ፊት ለፊት የሚጋጠሙበት ይህ ስፍራ ለተማሪው መልካም መለማመጃ ነው፤ የመጀመሪያው ጥገኛውን ይዘጋል፣ ሁለተኛው ዋናውን ይከፍታል።

«-አል» እና «-ም» እንደ መንገድ ጠቋሚ

አማርኛ ግሱን ከቦታው አያንቀሳቅስም፤ ዋናና ጥገኛ ሐረግን ግን አያደባልቅም። ልዩነቱን የሚያሳየው በግሱ ቅርጽ ነው። «ይገዛል» ብሎ ዓረፍተ ነገር ማሰር ይቻላል፤ «ስለሚገዛ»፣ «ሲገዛ»፣ «እንደሚገዛ»፣ «ቢገዛ» ሲባል ግን «-አል» ይወድቃል። ይህ ቅጥያ ከረዳት ግሱ «አለ» የመጣ ሲሆን የሚገኘው ማሰሪያ በሆነው ግስ ላይ ነው። በአሉታም እንዲሁ ነው፤ «አይገዛም» ያስራል፣ «ስለማይገዛ» ግን «-ም»ን ጥሎ ይንጠለጠላል። «ነው» እንኳ በጥገኛ ሐረግ ውስጥ «ስለሆነ» ወደሚል ሌላ ግስ ይለወጣል።

ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ሆላንድኛ የሚጠይቀውን ልዩነት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርግ ኖሯል፤ ያደረገው ግን በቦታ ሳይሆን በቅጥያ ነው። ለማስተማሪያነት የሚቀርበው መመሪያም ከዚህ ይመነጫል። የሐሳቡ አማርኛ በ«-አል»፣ በአሉታ «-ም» ወይም በ«ነው» የሚታሰር ከሆነ የሆላንድኛው ግስ ሁለተኛ ቦታ ላይ ይውላል፤ እነዚህ ከወደቁ ግሱ መጨረሻ ላይ ይቀራል። «ነገ ዳቦ እገዛለሁ» ሲል «ኮፕ» ይወጣል፤ «ነገ ዳቦ ስለምገዛ» ሲል «ኮፕ» ይቀመጣል። ስለ ሐረግ ዓይነት ምንም ሳያውቅ ቅርጹን በጆሮው ብቻ የሚለይ ተማሪም ሊጠቀምበት ይችላል፤ የመመሪያው ዋና ጥቅምም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ መመሪያው የሚከዳባቸው ቦታዎች አሉ፤ አስተማሪውም አስቀድሞ ሊያውቃቸው ይገባል። ኃላፊ ጊዜ በአዎንታ «-አል» የለውም፤ «ገዛ» እና «ስለገዛ» በግሱ ቅርጽ አይለያዩም። እዚህ ተማሪው የሚተማመንበት «ስለ» የሚለው መነሻ ራሱ ነው። «ወጥቶ ዳቦ ገዛ» በሚለው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ «ወጥቶ» ማሰሪያ አይደለም፤ ሆላንድኛ ግን ለዚህ ቅርጽ አቻ ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዋና ሐረጎችን «ኤን» በሚለው ቃል ያገናኛል፣ ግሶቹም ሁለቱም ወደ ፊት ይወጣሉ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የተዘዋዋሪ ንግግር ነው። አማርኛ የሌላውን ሰው ቃል እንዳለ መጥቀስ ይወዳል፤ «እመጣለሁ አለ» ሲባል «-አል» በሙሉ ክብሩ ተቀምጧል፣ ተናጋሪውም «እኔ» ሆኖ ይቀራል። በሆላንድኛ ይህንኑ በ«ዳት» አስገብቶ የሚናገር ሰው «ሄይ ዜይ ዳት ሄይ ዛው ኮመን» ማለት አለበት፤ እኔነቱ ወደ እሱነት ይለወጣል፣ ግሶቹም መጨረሻ ላይ ይሰበሰባሉ። መመሪያውን ያለማስተዋል የሚከተል ተማሪ እዚህ መሳሳቱ አይቀርም። መፍትሔው በአማርኛው ሐሳቡን መጀመሪያ «እንደሚመጣ ተናገረ» ወደሚለው መለወጥ ነው፤ በዚህ ቅርጽ «-አል» ወድቋልና መመሪያው እንደገና ይሠራል።

ሁለት ስሕተት፣ ሁለት ምንጭ

ያንሰን፣ ላሌማን እና ሞይስከን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት በኔዘርላንድ የነበሩ የቱርክና የሞሮኮ ሠራተኞች ሆላንድኛ እንዴት እንደሚናገሩ መርምረው ነበር። ሆላንድኛ ራሱ ሁለት ዓይነት አሰላለፍ ስለሚያቀርብ ተማሪው ከሁለቱ የእናቱን ቋንቋ የሚመስለውን ያነሣል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ ሲሆን፣ የቱርክኛ ተናጋሪዎቹም ግሱን ወደ መጨረሻ የመግፋት ዝንባሌ አሳይተዋል፤ ሞሮኮዎቹ በተቃራኒው በመካከል ወደ ማስቀመጥ አዘንብለዋል።

ከዚህ በመነሣት ከአማርኛ ተናጋሪ የሚጠበቀው ስሕተት «ሞርኸን ኢክ ብሮት ኮፕ» የሚል ይሆናል። ነገር ግን በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ብዙ ተማሪዎች ሆላንድኛን የሚቀርቡት በእንግሊዝኛ በኩል ነው። ከዚያ የሚመጣው ስሕተት የተለየ ነው፤ «ሞርኸን ኢክ ኮፕ ብሮት»። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች የተሳሳቱ ናቸው፣ አስተማሪም ሁለቱንም በአንድ ቀይ መስመር ያልፋቸዋል። ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን የጻፈ ተማሪ የሐረጉን መሠረት ይዟል፤ የቀረው ግሱን ማውጣት ነው። ሁለተኛውን የጻፈው የእንግሊዝኛን ሐረግ በሆላንድኛ ቃላት ሞልቷል፤ ወደ ጥገኛ ሐረግ ሲደርስም «ኦምዳት ኢክ ኮፕ ሞርኸን ብሮት» ማለቱ የሚጠበቅ ነው። እርማቱ ይህን ካልለየ መጀመሪያውን ተማሪ በትክክል ከያዘው መሠረት ሊያፈናቅለው ይችላል።

ትንቢት እና «ዙለን»

በነባሩ ሰዋስው «ይገዛል» የሚለው ቅርጽ «ትንቢት» ይባላል። ይሁንና ያው ቅርጽ የዛሬን ልማድም የነገን ሥራም ያገለግላል፤ «ዘወትር ዳቦ እገዛለሁ» እና «ነገ ዳቦ እገዛለሁ» በግሱ አይለያዩም፣ የሚለያቸው የጊዜ ቃሉ ነው። ሆላንድኛም ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም። ከላይ የታየው «ኢክ ኮፕ ሞርኸን ብሮት» በአሁን ጊዜ ግስ የተነገረ የነገ ጉዳይ ነው፤ በዕለት ተዕለት ንግግርም ስለ መጪው ጊዜ የሚነገርበት የተለመደ መንገድ ይኸው ነው። «አልስ ሄት ሞርኸን ሬኸንት፣ ብሌይፍ ኢክ ቶይስ» የሚለውም «ነገ ከዘነበ ቤት እቀራለሁ» ማለት ሲሆን በሁለቱም ሐረጎች ውስጥ የትንቢት ረዳት ግስ የለም።

እንግሊዝኛ ግን ለብዙው የትንቢት ንግግር ረዳት ግስ ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ተማሪ ያን ረዳት ግስ «ዙለን» ከሚለው ጋር አቻ አድርጎ ይይዝና ነገን ባነሣ ቁጥር «ዛል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ስሕተት ላይኖርበት ይችላል፤ የሚለወጠው ትርጉሙ ነው። «ኢክ ኮም ሞርኸን» ተራ «ነገ እመጣለሁ» ሲሆን «ኢክ ዛል ሞርኸን ኮመን» ወደ ቃል መግባት ያደላል፤ አድማጩ «አይዞህ፣ አልቀርም» የተባለ ያህል ሊሰማው ይችላል።

«ዙለን» ሦስት ጎላ ያሉ ሥራዎች አሉት፤ አማርኛ ሦስቱንም ያውቃቸዋል፣ ግን በተለያዩ ቅርጾች ይከፋፍላቸዋል። አንደኛው የተጠቀሰው የተስፋ ቃል ነው። ሁለተኛው ፈቃድ የሚጠይቅ ወይም እርዳታ የሚያቀርብ ጥያቄ ነው፤ «ዛል ኢክ ሄት ራም ኦፐንዱን?» ማለት «መስኮቱን ልክፈተው?» ነው። አማርኛ እዚህ ትንቢትን ትቶ «ል-»ን ስለሚጠቀም «ዛል ኢክ»ን በ«እከፍተዋለሁ?» መተርጎም ያሳስታል።

ሦስተኛው ግምት ነው፤ ከሁሉም ሊተኮርበት የሚገባው እርሱ ነው። «ሄይ ዛል ዌል ዚክ ዜይን» ስለ ወደፊት አይናገርም፤ «ታሞ ይሆናል» ማለት ነው። አማርኛ ግምትን የሚገልጽበት «ይሆናል» ራሱ «ሆነ» ከሚለው ግስ የወጣ ትንቢት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሁለቱ የማይዛመዱ ቋንቋዎች ያልታየውን ነገር ለመገመት የትንቢትን ቅርጽ ተበድረዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ የ«ዙለን» አገባብ እንግዳ መሆን አልነበረበትም፤ የሚያስቸግረው «ዙለን»ን «የትንቢት ረዳት ግስ» ብሎ ብቻ በመማሩ ነው።

የሚያስከትለውም ጉዳት ቀላል አይደለም። አንድ ሰው በመሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ «ደ ብሪፍ ኮምት ሞርኸን» ቢባል «ደብዳቤው ነገ ይመጣል» ተብሏል። «ደ ብሪፍ ዛል ሞርኸን ዌል ኮመን» ቢባል ግን የተነገረው «ደብዳቤው ነገ ይመጣ ይሆናል» ነው። «ዛል»ን የሰማና «ዌል»ን የዘለለ ተማሪ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው የጠነከረ ተስፋ አድርጎ ይወስደዋል፤ እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የሥራ መልስ ለሚጠባበቅ ሰው በ«ይመጣል» እና በ«ይመጣ ይሆናል» መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም።

«ኻን» ማለትም «መሄድ» ከሌላ ግስ ጋር ሲነገር ዕቅድን ወይም ሊሆን የተቃረበን ነገር ያመለክታል። አማርኛ «ልገዛ ነው» በሚለው አነጋገር ቅርብ አቻ አለው። «ኢክ ኻ ብሮት ኮፐን» ማለት «ዳቦ ልገዛ ነው» ሲሆን፣ «ሄት ኻት ሬኸነን» ደግሞ «ሊዘንብ ነው» ነው። መመሳሰሉ እስከ አሻሚነቱ ድረስ ይዘልቃል፤ «የት ትሄዳለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በአማርኛም «ዳቦ ልገዛ ነው» ብሎ ሊመልስ ይችላል፣ ያን ጊዜ ንግግሩ ዕቅዱንም ጉዞውንም ይይዛል። በኔዘርላንድ «ኻን» ራሱን «ኻን»ን አስከትሎ አይነገርም፤ በቤልጅግ ፍላንደርስ ግን ይነገራል፣ የ«ኻን» የትንቢት አገልግሎትም እዚያ ሰፋ ያለ ነው።

ረዳት ግስ ሲገባ የቦታው ጉዳይ እንደገና ይነሣል። «ኢክ ዛል ሞርኸን ብሮት ኮፐን» በሚለው ውስጥ «ዛል» ወጥቶ ሁለተኛ ቦታ ይይዛል፤ ንኡስ አንቀጹ «ኮፐን» መጨረሻ ላይ ይቀራል፤ የቀረው ሁሉ በሁለቱ መካከል ይታቀፋል። የሆላንድ ሰዋስዋውያን ይህን አሠራር ከጉጠት ጋር አመሳስለው ይጠሩታል። ዋናውን ትርጉም ለመስማት እስከ መጨረሻ መጠበቅ ማሰሪያን መጠበቅ ለለመደ ጆሮ አዲስ ሸክም አይደለም።

በጥገኛ ሐረግ ሁለቱም ግሶች መጨረሻ ላይ ሲገናኙ ግን አማርኛ መንገድ መምራቱን ያቆማል። አማርኛ ረዳቱን ከግሱ በኋላ ያስቀምጣል፣ «ይገዛ ይሆናል» እንደሚባለው፤ በዚህ ልማድ የሚሄድ ተማሪ «ዳት ኢክ ብሮት ኮፐን ዛል» ይላል። አይወገዝም፤ የተለመደው ግን «ዳት ኢክ ብሮት ዛል ኮፐን» ነው። ረዳቱ የሚቀድምበት አሰላለፍ በሆላንድ የቋንቋ ጥናት «ቀይ»፣ የሚከተልበት «አረንጓዴ» ይባላል። ግሱ በኃላፊ ቅርጽ ሲሆን ሁለቱም በሰፊው ይሰማሉ፤ «ሄፕ ኸኮኽት» እና «ኸኮኽት ሄፕ» እኩል ተቀባይነት አላቸው። በንኡስ አንቀጽ ግን ቀዩ እጅግ ያመዝናል። ስለዚህ ይህ ነጥብ በአማርኛ ምሳሌ ሳይደገፍ በራሱ ልምምድ መማር ያለበት ነው።

የቀረበው ሐሳብ ሊፈተን ይችላል። እንግሊዝኛ በጥልቀት የተማሩና ያልተማሩ አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ዓይነት የዕቅድ ገለጻ በሆላንድኛ እንዲጽፉ ቢደረግ፣ የመጀመሪያዎቹ ግሱን ከባለቤቱ ቀጥሎ በማስቀመጥና «ዛል»ን በማብዛት፣ ሁለተኛዎቹ ግሱን መጨረሻ ላይ በመተው እንደሚሳሳቱ ይጠበቃል። ለማነጻጸር የትግርኛ ተናጋሪዎች ተስማሚ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ወደ ኔዘርላንድ ከገቡት ጥገኝነት ጠያቂዎች መካከል ኤርትራውያን ጉልህ ድርሻ አላቸውና ቁጥራቸው ለጥናት አያንስም። ትግርኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ ትንቢትን ግን «ክመጽእ እየ» እንደሚባለው በተለየ ምልክት ያሳያል። «እመጣለሁ» የሚለውና «ክመጽእ እየ» የሚለው ተማሪ በአንድ ክፍል ተቀምጠው «ዛል»ን በተለያየ መጠን የሚያበዙ ከሆነ፣ የትንቢት ምልክቱ ድርሻ ከእንግሊዝኛው ድርሻ ተለይቶ ሊታይ ይችላል።